የግቢ ድንጋይ መብራት ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ጎንደር ላይ ግቢ ሲሠራ ድንጋይ አይቀርም። አሁን አሁን ደግሞ ድንጋዩ መብራት ይዞ መጥቷል። በር ላይ የሚቆመው አንበሳ፣ የፋሲል ግንብ አምሳያ፣ እንስራ የሚመስለው፣ ከውስጡ የሚበራው ድቡልቡል ድንጋይ፣ ሁሉም ሲመሽ ያምራሉ። ጣጣው ክረምት ሲገባ ነው። ሰኔ ላይ አንዱ ይጠፋል፣ ሐምሌ ላይ ጎረቤቱ ይከተላል፣ ነሐሴ ላይ ብሬከሩ ጭራሽ አልነሳ ይላል። ከዚያ ሰው ሮጦ አምፖል ይገዛል። አምፖሉ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም። እነዚህን ጌጦች በብዛት የሚያበላሻቸው ውሃና ደካማ የሽቦ መቀጠያ ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ውሃው በየት እንደገባ፣ ከገባ በኋላም ለምን መውጫ እንዳጣ ፈልጉ።

ስትጀምሩ ብሬከሩን አውርዱ። የግድግዳውን ማጥፊያ መጫን አይበቃም፤ ምክንያቱን ታች ታገኙታላችሁ። ከዚያ በቴስተር አረጋግጡ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳና የእጅ ባትሪ ካላችሁ አብዛኛውን ምርመራ ራሳችሁ ትጨርሱታላችሁ። የ220 ቮልት መስመር መቀጠልን ግን ለኤሌክትሪሽያን ተዉት።

ድንጋዩ ወይም ብረቱ ሲነካ ይነዝራል

ሌላው ችግር እስከ ነገ ይቆያል፤ ይህ አይቆይም። በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ «ነዘረኝ» ካለ፣ ወይም አትክልት የሚያጠጣው ሰው እጁን ድንገት ከሰበሰበ፣ ብሬከሩን ወዲያው አውርዱና ማንም እንዳይጠጋ አድርጉ።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ (ፌዙ) ልባሱ ተልጦ ከብረቱ ፍሬም ወይም ከረጠበው ድንጋይ ጋር ተነካክቷል። የመሬት ሽቦው ደግሞ ወይ ከመጀመሪያውም አልተዘረጋም፣ ወይ ተበጥሷል። ደረቅ ድንጋይ ኤሌክትሪክ እምብዛም አያሳልፍም፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ ግን ያሳልፋል።

«ብሬከር አለኝ እኮ» የሚል አይጠፋም። ተራው 16 አምፔር ብሬከር የተሠራው ገመድ እንዳይቃጠል ነው። ሰው ለመግደል የሚበቃው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ለእሱ ኢምንት ነው፣ አያየውም። ያንን አይቶ መስመሩን የሚቆርጠው አርሲዲ የሚባለው ነው፤ ለሰው የሚሆነው 30 ሚሊአምፔር የተጻፈበት። በግቢ መስመራችሁ ላይ ከሌለ፣ ሌላ ጌጥ ከመጨመራችሁ በፊት እሱን አስገቡ፤ የመሬት ሽቦውንም አስፈትሹ። ከናካቴው የሚሻለው ግን 220ን በሳር ውስጥ አለማዞር ነው። ትራንስፎርመሩ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ ወደ ድንጋዩ 12 ወይም 24 ቮልት ይውጣ።

ሲዘንብ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳል

ክረምት ላይ ከሁሉ በላይ የሚያማርረው ይህ ነው። ከሰዓት ዝናቡ ይወርዳል፤ ማታ ብሬከሩ ወይም አርሲዲው አልነሳ ይላል፤ በማግስቱ ቀትር ላይ ሲሞከር ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። «ተስተካከለ» ተብሎ ይተዋል። የተስተካከለ ነገር ግን የለም። ውሃው ደረቀ እንጂ ቀዳዳው እዚያው ነው።

መጀመሪያ የሚከፈተው ስካቶላው፣ ማለትም ሽቦዎቹ የሚቀጠሉበት ሳጥን ነው። ደህና ከሆነ የመዳቡ ጫፍ ቀይና የሚያብረቀርቅ ነው። ካልሆነ ገና ክዳኑን ስታነሱት ይታወቃችኋል፦ ናስትሮው ለስልሶ በራሱ ተፈትቷል፣ የመዳቡ ጫፍ አረንጓዴ ዱቄት አውጥቷል፣ ሥሩ ላይ ሻይ የመሰለ ውሃ ተኝቷል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጉንዳን ሙቀት አግኝቶ እንቁላሉን ደርድሯል። አረንጓዴውን በቢላ ፍቆ መልሶ መጠቅለል ዋጋ የለውም። ውሃ በቀጫጭኖቹ ሽቦዎች መሀል እየተሳበ በልባሱ ሥር ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ንጹህ ቀይ መዳብ እስክታገኙ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጡ። ከዚያ ጄል ባለው ማገናኛ፣ ወይም ሲሞቅ በሚኮማተርና ውስጡ ማጣበቂያ ባለው የላስቲክ ቱቦ ቀጥሉት። ናስትሮ ብቻውን ለግቢ አይሆንም። ስካቶላውን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ገመዶቹም ከሥር ይግቡ እንጂ ከላይ አይግቡ።

ስካቶላው ንጹህ ከሆነ ጥፋቱ ከጌጦቹ በአንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሁሉንም መፍታት አያስፈልግም። ብሬከሩን አውርዳችሁ መስመሩን መሀል ላይ ለዩትና የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ አብሩ። ብሬከሩ ሳይወርድ ከቆየ ጥፋቱ ወዲያኛው ግማሽ ላይ ነው። ያንንም እንዲሁ ለሁለት ክፈሉት። ዝናብ ከሌለ፣ ብሬከሩ ወርዶ ሳለ አንዱን ጌጥ በውሃ አርጥቡት፤ ከዚያ ሰው ሁሉ ራቅ ይበልና ከቤት ውስጥ አንሱት።

ጥፋተኛው ሲገኝ ድንጋዩን ገልብጣችሁ ሥሩን እዩ። እዚህ ላይ የድንጋዩ ዓይነት ልዩነት አለው። ጥቁሩ ባዛልት ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ውሃ እምብዛም አይጠጣም። ነገሥታቱ ግንባቸውን በዚህ ድንጋይና በኖራ አሠርተው በበርና በመስኮቱ ዙሪያ ያስጌጡበት ቀላ ያለው ድንጋይ ግን ቀዳዳ የበዛበት ነው፣ ሲዘንብበት ይጠጣል። ለጠራቢ ቀላል ስለሆነ፣ ቀለሙም ስለሚያምር ለጌጥ ይመረጣል። ይመረጥ፣ ግን የመብራቱ ጉድጓድ ከሥር መውጫ ከሌለው ድንጋዩ የጠጣውን ውሃ እዚያው ያንጠባጥበዋል። ብዙ ጠራቢዎች ለገመዱ የሚበቃ ቀዳዳ ብቻ ይበሱና ዙሪያውን በሲሚንቶ ይደፍኑታል። ሥራው ንጹህ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ኩሬ ሆኖ ይቀራል።

መፍትሄው በጉድጓዱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ወደ ታች የሚወጣ የ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ በድሪል መብሳት፣ ጌጡን ደግሞ በአፈር ላይ ሳይሆን 10 ሴንቲሜትር ያህል በተነጠፈ ጠጠር ላይ ማስቀመጥ ነው። ገመዱም ወደ መብራቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ ይነሳ። በላዩ የሚወርደው ውሃ ጉብጠቱ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል፣ ተከትሎት አይገባም።

ሲሊኮን መቀባት የሚወድ ሰው ብዙ ነው። ክፋት የለውም፣ ግን አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ መዳብ ይበላል። ለኤሌክትሪክ አካባቢ የማይሸተውን ግዙ። ሲገዛም «ውሃ አይገባውም» የሚለውን የሻጭ ቃል ትታችሁ የውሃና የአቧራ መከላከያውን ደረጃ የሚነግራችሁን፣ አይፒ ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። 44 ለፍንጣቂ ነው፣ በረንዳ ሥር ይሆናል። ክፍት ላይ ለሚቆም 65 ይሁን። መሬት ውስጥ ተቀብሮ ወደ ላይ ለሚያበራው 67፤ እሱ እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውሃ ይችላል።

መስታወቱ ከውስጥ ያልበዋል

ቀን ፀሐዩ ያሞቀዋል፣ ማታ የጎንደር ብርድ ያኮማትረዋል። ውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ከውጭ ይስባል፤ ያ ነው ጤዛ የሚሆነው። በደረቅ ቀን ክፈቱት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ጎማውን እዩ። ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት፤ ገመዱ የሚገባበትን ማጥበቂያም (ግላንዱን) አጥብቁ። ጠዋት ታይቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ ቀጭን ላቦት አያሳስብም። ውሃው ሥር ላይ ከተጠራቀመ ግን የላይኛውን ክፍል አንብቡ።

በሩ አጠገብ ያለው ደማቅ፣ መጨረሻው ድንግዝግዝ

አምፖሉ ደክሞ አይደለም። ቮልቴጁ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ይህ በ12 ቮልት መስመር ላይ የሚታይ ነገር ነው፣ ሒሳቡም ቀላል ነው። 3 ዋት የሚወስዱ 12 ጌጦች አሏችሁ እንበል። 36 ዋት ነው፤ በ12 ቮልት ሲካፈል 3 አምፔር። ሁሉም 30 ሜትር ርቀት ላይ ቢሆኑና የተዘረጋው 1 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ገመድ ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው ላይ ከ3 ቮልት በላይ ይጠፋል። ለመብራቱ የሚደርሰው 9 እንኳን አይሞላም። በ2.5 ካሬ ገመድ ግን የሚጠፋው 1.3 ቮልት ገደማ ብቻ ነው።

አጥር ሙሉ ገመድ መቀየር ካልሆነላችሁ ትራንስፎርመሩን ወደ መሀል አምጡትና ግራና ቀኝ ይመግብ። ገና አዲስ የምትዘረጉ ከሆነ ደግሞ ከመነሻው 24 ቮልት ምረጡ፤ አምፔሩ በግማሽ ስለሚቀንስ ብክነቱም በግማሽ ይቀንሳል። መብራቶቹ ግን እነሱም ባለ 24 መሆን አለባቸው።

ይርገበገባል፣ ወይም ጠፍቶም ጭል ጭል ይላል

ሁሉም አንድ ላይ የሚርገበገቡ ከሆነ ድራይቨሩን፣ ማለትም ለመብራቶቹ ኤሌክትሪኩን የሚያመቻቸውን ሳጥን ጠርጥሩ። 36 ዋት ጭነት ላይ ባለ 36 ድራይቨር የሚሸጥ አለ። ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ አታሸክሙት፤ ለዚህ ጭነት 60 ይሻላል። በእጅ ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነ መልሱ ያው ነው። የሚርገበገበው አንዱ ብቻ ከሆነ ሽቦውን የያዘው ብሎን ላልቷል፣ አጥብቁት። ቤት ውስጥ ያለው መብራትም አብሮ ከፍ ዝቅ ካለ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚገባው ከፍተኛ ቮልቴጅ ርካሽ ድራይቨር አይምርም። ሰርጅ ፕሮቴክተር ይረዳል። መብረቅ በሚበዛበት ከሰዓት ደግሞ ስፒናውን መንቀል አይከፋም።

ጠፍቶ ጭል የሚለው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ማጥፊያው የሚያቋርጠው ፌዙን ሳይሆን መመለሻውን ሽቦ (ኒውትራሉን) ነው። መብራቱ ይጠፋል፣ ጌጡ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ይቆያል። ማጥፊያውን ብቻ ተጭናችሁ እጃችሁን አታስገቡ ያልኩት ለዚህ ነው። ኤሌክትሪሽያኑ ሽቦዎቹን ያቀያይረዋል፣ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ሶላሩ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል

መጀመሪያ ፓነሉን ጥረጉ። በጋ ላይ አቧራው እንደ ዱቄት ይለብሰዋል፣ ሰውም አያየውም። ከዚያ ጥላ እዩ፤ ሲገዛ ችግኝ የነበረው ዛፍ አድጎ ሊሆን ይችላል። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ፓነሉ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘመም ቢል ይበቃል። ጠፍጣፋ ከተኛ አቧራና ውሃ ያቁራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ስለሚከለክለው ቶሎ ቢጠፋ አይፈረድበትም።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ከጠፋ ባትሪው ነው። አርጅቷል፣ ቀይሩት። ግን ዓይነቱን እዩ፦ 1.2 ቮልት ባለ ቻርጅ ባትሪ በነበረበት ቻርጅ የማይደረገውን የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ አታስገቡ፣ ቻርጅ ሲደረግ ይፈሳል፣ ቤቱንም ይበላዋል። 3.2 የተጻፈበት ሊቲየም በነበረበት 3.7 አይገባም፤ መጠናቸው አንድ ቢሆንም ቻርጅ አደራረጋቸው የተለያየ ነው።

ጭራሽ የማይበራ ሶላር ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ የመንገድ ወይም የበረንዳ መብራት እያየ «ገና ቀን ነው» ብሎ ይሆናል። በእጃችሁ ሸፍኑት። ከበራ ቦታውን ቀይሩ።

ድንጋዩ ራሱ ሲበላሽ

ነጭ ዱቄት ካወጣ፣ ውሃ ከሲሚንቶው ጨው እየጎተተ ነው። በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፤ በውሃ ካጠባችሁት ጨው መልሶ ይሰርጋል። አሲድ አታፍስሱበት፤ ሲሚንቶውንና ብረቱን ይበላል፣ እብነ በረድ ከሆነ ደግሞ ድንጋዩን ራሱን ያሟሟዋል። ቡናማ ዕንባ የመሰለ መስመር ካለበት ውስጡ ተራ ብሎን ዝጓል። ዝገት ቦታ ስለሚፈልግ ብሎኑ እያበጠ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። አውጥታችሁ በማይዝግ ብሎን ተኩት።

ግቢያችሁ ዋልካ አፈር ከሆነ ጌጡ በየዓመቱ ቢያዘም አትገረሙ። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ሲንቀሳቀስ ገመዱንም ይጎትታል። ከሥሩ ያለውን ዋልካ አውጥታችሁ ጠጠር ሙሉበት፣ ገመዱን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጉት፣ ጌጡ ሥር ደግሞ ትርፍ ገመድ ጠቅልላችሁ ተዉለት። 220 ቮልት ከሆነ ቱቦው ቢያንስ 50 ሴንቲሜትር ይቀበር፤ የአትክልተኛ ዶማ እንዳያገኘው።

አንድ የማልወደው ነገር ቫርኒሽ ነው። ድንጋዩ እንዲያብረቀርቅ ይቀባል፣ ለአንድ በጋ ያምራል፣ ከዚያ ከሥር የሚመጣው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ቆዳው ይላጣል። የተቀባ ካላችሁ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ፍቃችሁ አንሱትና ድንጋዩ ይድረቅ። ለጥምቀት እንግዳ ስለሚመጣ ማብረቅረቅ አለበት ካላችሁ ቫርኒሹን ተዉትና ወደ ውስጥ የሚሰርገውን ውሃ የማያስጠጋ ፈሳሽ ተጠቀሙ። እሱ ቆዳ አይሠራም፣ ድንጋዩም ይተነፍሳል። የሚቀባው ግን ድንጋዩ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ውስጡ እርጥብ እያለ ከቀባችሁት ሥራው ውሃ በላው ማለት ነው።