አሥራ ሁለት ሆኖ መሀል አዲስ አበባ ላይ መብላትና ሙዚቃ መስማት፦ ጉዞው እንዴት ይታቀዳል?

ከሌላ ከተማ ተሰባስቦ ለቅዳሜና እሁድ አዲስ አበባ መግባት አይከብድም። የሚከብደው አሥራ ሁለት ሰው ተርቦ መንገድ ዳር ቆሞ «እሺ፣ የት እንግባ?» ሲባባል ነው። ያ እንዳይመጣ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ።

1. ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ጾሙን እዩ

ረቡዕና ዓርብ ብዙ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ ሙዚቃውም ይቀዘቅዛል፤ የምሽት ፕሮግራማቸውን እስከ ፋሲካ የሚያቆሙ ቤቶች አሉ። ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ያለውን የነቢያት ጾምና ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለውን ፍልሰታንም አስቡ። ስልጆ፣ ሱፍ ፍትፍትና አዚፋ የሚያምረው ቡድን ግን ጾሙን ቢመርጥ ይሻለዋል። ሁሉንም ለሚፈልግ ከፋሲካ በኋላ ያለ ቅዳሜ ይስማማዋል።

2. ማን ምን እንደሚበላ ጠይቁ

በቴሌግራም ግሩፓችሁ ላይ ሦስት ጥያቄ ብቻ ላኩ፦ ትጾማላችሁ? የክርስቲያን ሥጋ ነው የሙስሊም የምትበሉት? ጥሬ ትበላላችሁ? ሁለተኛውን በይሉኝታ ዝም የሚል አስተባባሪ ብዙ ነው፤ ውጤቱም ገበታ ላይ ሦስት ሰው ሰላጣ ሲበላ ማየት ነው። ቡድኑ የተቀላቀለ ከሆነ አንዱን ምግብ የጾም በያይነቱ አድርጉት፣ ለሥጋው ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ቤቶች ፈልጉ።

3. ገንዘቡን አንድ ሰው ይያዝ

መዋጮው አስቀድሞ በቴሌብር ይግባ፤ ቀብድም ከዚያው ይከፈላል። ሜኑ ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ ደምራችሁ አትምጡ። 10 በመቶ ሰርቪስና 15 በመቶ ቫት የሚጨምር ቤት ከሆነ የ1,000 ብሩ ምግብ 1,265 ይሆናል። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር ለብቻው ይቀመጥ።

4. የድሮ አድራሻ አትመኑ

ይህ ከሁሉም በላይ ቡድን ያንከራትታል። በጥሬ ሥጋው የሚታወቀው የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል፤ ካዛንቺስ በ2017 በአብዛኛው ተነሥቷል፣ ፈንድቃ የባህል ማዕከልም ከዚያ ሰፈር ለቋል። ስለዚህ ጓደኛ «አውቀዋለሁ» ያለውን ቤት ሁሉ በዚያው ሳምንት ደውላችሁ አረጋግጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ይበቃችኋል። በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካ ቡናው ቆሞ የሚጠጣበት ቤት ነውና አሥራ ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ አትግቡ። ከዚያ በእግር በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ቅርብ ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም አንብቡ።

5. እራቱን በቁጥር እዘዙ

ሥጋ ቤት ከሆነ በሰው 250 ግራም፣ ለአሥራ ሁለት 3 ኪሎ ያዙ። ግን በአንዴ አትዘዙት፤ ጥብሱ ወሬ ላይ ሳላችሁ ይቀዘቅዝና ጮማው ይረጋል። መጀመሪያ 2 ኪሎ፣ ግማሹ ጥሬ ግማሹ ጥብስ፣ ቀሪው ኋላ። ማንጠልጠያው ጋ ሄዶ ብልት የሚመርጥ አንድ ሰው መድቡ፦ ሻኛ ጮማ ለሚወድ፣ ጎድን አጥንት መጋጥ ለሚወድ፤ የጎድን አጥንቱ ግን ከሚዛኑ ላይ እንደሚቆጠር አይርሳ። ጥሬ የማይደፍር አይገደድ፤ ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ ሥጋ ነው።

ክትፎ ቤት ከሆነ አስተናጋጁ ከመምጣቱ በፊት «ጥሬ ስንት? ለብለብ ስንት? የበሰለ ስንት?» ብላችሁ ጻፉ። ካልተናገራችሁ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኖ ይመጣል። ቆጮውን ቀድማችሁ አስጨምሩ፤ ጣባው ውስጥ ያለው ክትፎ ሳይጋመስ ቆጮ ያልቃል። በያይነቱ ደግሞ በአንድ ትሪ ለአራት ይሁን፤ አምስተኛው ሰው እጁ አይደርስም።

6. ሙዚቃውን በሰዓቱ ያዙ

የባህል ምሽት ቤቶች ጭፈራውን የሚጀምሩት ከምሽቱ 1፡30 እስከ 2 ሰዓት ባለው ነው፤ ባንድ የሚጫወትባቸው ቤቶች ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 ሰዓት በፊት አይሞቁም። በአንድ ሌሊት ከሁለት ቤት በላይ አትዙሩ። ቦታ ስትይዙ «ከስፒከሩ ራቅ ያለ» በሉ፤ አለበለዚያ ሌሊቱን በምልክት ነው የምታወሩት።

አዝማሪ ቤት ከገባችሁ ግጥም የሚችለውን ፊት አስቀምጡት፤ «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ሲወረውር አዝማሪው በማሲንቆ ይመልስለታል። ራሰ በራ ወይም ገና ያላገባ ካላችሁ ስለ እሱ መዘፈኑ አይቀርም፤ የሚከፋው ከሆነ ጥግ ይቀመጥ። ዝርዝሩ ብር የሚያልቀው እዚህ ነው።

7. መኪና

በራይድ ከሆነ ሦስት መኪና ያስፈልጋል፣ አንዱም መጥፋቱ አይቀርም። ሚኒባስ በኮንትራት ያዙ፤ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅ፣ ነዳጁና ፓርኪንጉ በማን እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። አስፋልት ዳር ቆሞ መጠበቅ ለሹፌሩ ቅጣት ስለሚያመጣ የምትገናኙበትን በር ለይታችሁ ንገሩት።

የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ገና ሳይነጋ ነው የሚነሱት። ቅዳሜ ሌሊት አምሽቶ እሁድ በአውቶቡስ እሄዳለሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ትኬቱ ይቃጠልበታል፤ መመለሻውን ሰኞ ቁረጡ።