የሲዲና ዲቪዲ ፋይል በኦፊስ ኔትወርክ ሼር ስታደርጉ የሚገጥማችሁ ችግርና መፍትሄው

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለ አንድ ቢሮ በካርቶን የተከመሩ የድሮ ካርታና ሪፖርት ሲዲዎች ነበሩት፣ ሁሉም ሰራተኛ ከየኮምፒውተሩ እንዲከፍታቸው ስናደርግ የገጠመንን ነው የምጽፍላችሁ።

ችግር፦ ዲቪዲ ድራይቩን ሼር አድርጋችሁ ጠዋት ይሰራል፣ ከሰአት "ዲስክ አስገባ" ይላል።
ሼር የሆነው ድራይቩ ነው እንጂ ዲስኩ አይደለም፣ ባለ ኮምፒውተሩ ሌላ ዲስክ ሲከት ወይ ማሽኑን ዘግቶ ቡና ሊጠጣ ሲወጣ ሁላችሁም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ፣ ደሞ ሶስት ሰው አንዴ ሲከፍት ሌንሱ ከዚህ እዛ ሲሮጥ በጣም ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ድራይቭ ሼር ማድረጉን ተዉት፣ ዲስኩን አንድ ጊዜ ስቶሬጅ ሰርቨሩ (የሁሉም ፋይል በኔትወርክ የሚቀመጥበት ማሽን) ላይ ጫኑትና ዲስኩ ይረፍ። ዶክመንት ብቻ ከሆነ ፎልደር ከፍቶ ኮፒ ማድረግ ይበቃል፣ ዲስኩ ካልገባ አልነሳም የሚል ፕሮግራም ካለ ግን አይኤስኦ ፋይል (የዲስኩ ሙሉ ኮፒ በአንድ ፋይል) አርጉት። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርጎ ማውንት ማለት ነው፣ ዲስክ እንደገባ ሆኖ ይከፈታል፣ 7 ላይ ለብቻው ሶፍትዌር ይፈልጋል። ፎልደሩን ለሰራተኛው ሪድ ኦንሊ (ማንበብ ብቻ) አርጉት፣ አንድ ሰው በስህተት ዲሊት ካደረገ የሁሉም ነው የሚጠፋው።

ችግር፦ ኮፒው መሃል ላይ ሲአርሲ ኤረር (ዳታው በትክክል አልተነበበም) ብሎ ይቆማል።
ዲስኩ ቆሽሿል ወይ ተጭሯል፣ የጅማን እርጥበት ታውቁታላችሁ። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ አርጋችሁ ጥረጉት፣ እያዞራችሁ እንዳትጠርጉ በጣም አደራ፣ ዳታው የተጻፈው በዙሪያው ስለሆነ ክብ ጭረት መስመሩን ተከትሎ ብዙ ያበላሻል። እምቢ ካለ ሌላ ድራይቭ ሞክሩ፣ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበበልን ጊዜ አለ።

ችግር፦ ቦታ እያለ "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይላል።
ሃርድ ዲስኩ ፎርማት የተደረገው ፋት32 በሚባለው በድሮው አይነት ነው፣ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ካለፈ አይቀበልም፣ ሙሉ ዲቪዲ ደግሞ 4.7 ነው። ያለውን ባካፕ አድርጋችሁ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አይነት ፎርማት አርጉት።

ችግር፦ የቆየው ሰርቨር አዲስ ዊንዶውስ ላይ አይታይም።
ሰርቨሩ የሚያወራው በኤስኤምቢ1 (ኮምፒውተሮች ፋይል ሼር የሚያደርጉበት የድሮ ቋንቋ) ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ከወጣው ዊንዶውስ 10 ጀምሮ እሱን ማጥፋት ጀምሯል። መልሶ ማብራት ይቻላል ግን እባካችሁ አታድርጉት፣ በዛው አመት ዋናክራይ የሚባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ አለምን ያዳረሰው በዚሁ በር ነው። የሰርቨሩን ፈርምዌር (ውስጡ ያለውን ሶፍትዌር) አፕዴት አድርጉና ኤስኤምቢ2 ወይ 3 አብሩ።

ችግር፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ሾርትከቱ አይከፍትም።
እኛን በጣም ያሰቃየን ይሄ ነው። ራውተሩ ሲነሳ ለሰርቨሩ ሌላ አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ሰጥቶት ነው፣ ሾርትከቱ የድሮውን ይፈልጋል። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለሰርቨሩ አይፒውን ቋሚ አርጉለት። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ካላችሁ ሰርቨሩን ብቻ ሳይሆን ስዊቹንም (የኔትወርክ ገመዶቹ የሚሰኩበትን ሳጥን) ራውተሩንም እሱ ላይ ሰኩ።