አበባ ከዘር ማፍላት፦ በማሪጎልድ ጀምሩ

በየዓመቱ ያበበ ችግኝ እየገዛችሁ ግቢያችሁን የምታሳምሩ ከሆነ ዘንድሮ ከዘር አፍሉ። ለጀማሪ ማሪጎልድን የሚያህል የለም። ዘሩ ቀጭንና ረዘም ያለ ስለሆነ በጣት ይያዛል፣ ቶሎም ይበቅላል። ዘር ለማግኘት ሱቅ መሄድ እንኳ ላያስፈልግ ይችላል፤ ጎረቤት ግቢ ተክሉ ላይ የደረቀ አበባ ካለ ጠይቁና ፈልቅቁት፣ ውስጡ ያለው ጥቁሩና ጫፉ ነጣ ያለው ዘሩ ነው።

አዲስ አበባና መሰል ደጋ ከተማ ላሉ ነሐሴ መጀመሪያ ጥሩ ጊዜ ነው። ግን ጣራ ስር ይፍላ። በዚያ ዝናብ መደብ ላይ የተዘራውን ጎርፍ ያጥበዋል፣ የተረፈውን በረዶ ይመታዋል።

ሃይላንድ ለሁለት ቁረጡና ታቹን ብሱት። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ አሸዋና አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ ቀላቅላችሁ ንፉት፤ ትኩስ ፍግ ችግኙን ያቃጥለዋል። አፈሩን አስቀድማችሁ አርጥቡ፣ ዘሩን ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ቅበሩና በላስቲክ ሸፍኑ። ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ያኔውኑ ላስቲኩን አንሱና ብርሃን ወዳለበት አውጡት፣ አለበለዚያ እየቀጠነ ይረዝማል።

ብዙ ችግኝ የሚሞተው ከዚህ በኋላ ነው፣ የሚሞተውም በጥማት ሳይሆን ውሃ በዝቶበት ነው። ግንዱ አፈሩን የሚነካበት ቦታ ይቀጥንና ድፍት ይላል፤ አንዴ ከወደቀ አይነሳም። ስለዚህ የአፈሩ ላይ ደረቅ ሲል ብቻ ዕቃውን ሳህን ውሃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከታች ይጠጣ፣ ከዚያ አውጡት። ተጠጋግቶ የበቀለውንም አሳሱት።

መስከረም አጋማሽ ላይ ለአንድ ሳምንት ቀን ቀን ፀሐይ አለማምዱትና አመሻሽ ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ትከሉ። ስትይዙት ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አትጨብጡ። 15 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጫፉን ቀንጥሱት፤ ያሳዝናል፣ ግን ቅርንጫፍ የሚያወጣው ያኔ ነው። የጠወለገውንም አበባ ቶሎ ቶሎ ቀንጥሱ።

ዚኒያ ከሆነ ሥሩ መነካካት ስለማይወድ ክረምቱ ሲወጣ መደቡ ላይ ዝሩት። ፔቱኒያ ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ለመብቀል ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አታልብሱት።

ለከርሞ ዘር ከጠንካሮቹ ላይ ጥቂት አበባ ተክሉ ላይ ይድረቅ፣ ከዚያ በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። የገዛችሁት ፓኬት ላይ ኤፍ 1 (ከሁለት ዝርያ የተዳቀለ ዘር ማለት ነው) የሚል ካለ ግን ከእሱ የምትለቅሙት ዘር እናቱን ላይመስል ይችላል።