በሎጎ ሐይቅ ዳርቻ ጀልባ ሲነዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚገኘው የሎጎ ሐይቅ መሃሉ እስከ 88 ሜትር ይጠልቃል። ይህን የሰማ ሰው ጀልባው መሬት ይነካብኛል ብሎ አይሰጋም። ጀልባ የሚጎዳው ግን ቄጤማው በሚጀምርበት፣ ሰው በሚሳፈርበትና በሚወርድበት ዳርቻ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ጀልባው ምን ያህል ወደ ውኃው እንደሚገባ ሳያውቁ መነሳት ነው። መለካት ያለበት ሰውና ዕቃ ከተጫነ በኋላ ነው፤ ባዶ ጀልባ የሚሰጠው ልክ ያሳስታል። የሚለካውም እስከ ጀልባው ሆድ ብቻ ሳይሆን እስከ ፕሮፔለሩ (ሞተሩ እያሽከረከረ ጀልባውን የሚገፋበት ምላጭ) ጫፍ፣ ሸራ ጀልባ ከሆነም ከሆዱ ሥር እስከ ወጣው ከባድ ክንፍ ጫፍ ድረስ ነው። ልኩን ረጅም ዘንግ ላይ ምልክት ያድርጉበትና ዳርቻው ሲቃረብ አንድ ሰው ከፊት ሆኖ በዘንጉ ይለካ።

በመስከረም ያለፉበትን መንገድ በግንቦት ማመን ሌላው ስህተት ነው። ከሎጎ የሚወጣ ወንዝ የለም። በዝናብና በጅረት የሞላው ውኃ በበጋው እየተነነ ይቀንሳል። እዚሁ ሎጎ ላይ ያለው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባበታል። ከዚህ የበለጠ ምስክር አልፈልግም። በተለይ ከአጎራባቹ የአርዲቦ ሐይቅ የሚመጣው ወንዝ በሚገባበት አካባቢ ይጠንቀቁ፤ ወንዝ ሐይቅ ሲደርስ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ የተሸከመውን ደለል እዚያው ያራግፋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ፍጥነት ነው። ብዙዎች ጥልቀት የሌለውን ቦታ ቶሎ ማለፍ የሚሻል ይመስላቸዋል። ከባድ ጀልባ በጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ሲፈጥን ግን ከሥሩና ከመሬቱ መካከል ያለው ውኃ በጠባብ ቦታ ይሮጣል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ጀልባውም ወደ ታች ይሳባል። ዝግ ብሎ ሲሄድ የሚያልፈው ጀልባ ሲፈጥን መሬት ይነካል። የኋላው ማዕበል ከወትሮው ከፍ ካለና መሪው ከከበደ መሬቱ ቀርቧል ማለት ነው፤ ወዲያውኑ ፍጥነት ይቀንሱ።

ጀልባው ከተቀረቀረ በኋላ ሞተሩን ማስጮህ ጉዳቱን ያባብሳል። ፕሮፔለሩ ጭቃ ይቆፍራል፤ ሞተሩ ለማቀዝቀዣ የሚስበው ውኃ ከጭቃ ጋር ስለሚገባ ቧንቧው ይደፈንና ሞተሩ ይግላል። ሞተሩን አጥፍተው ከውኃው ያንሱት፤ ተሳፋሪዎችን መሬት ካልነካው ወገን አስቀምጠው በመጡበት አቅጣጫ በዘንግ ይግፉ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። በመሃል ጥልቅ ክንፍ ያለው ሸራ ጀልባ ወደ ጎን ሲያጋድል ክንፉ ከፍ ስለሚል ይለቀቃል። ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነውን ጀልባ ካጋደሉት ግን ጠርዙ ይበልጥ ጭቃው ውስጥ ይገባል።

ቄጤማና የዓሣ አጥማጆች መረብም ፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማሉ። ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ መስደድ ጣት ያስቆርጣል። መረቡ ደግሞ የሰው እንጀራ ነው፤ መረቡ በተዘረጋበት ዞረው ይለፉ።

ጀልባውን ለማቅለል ተሳፋሪ ዘሎ እንዲወርድ በፍጹም አያድርጉ። ዘንግ የማይሰምጥበት የሚመስለው ጭቃ የሰው እግር ይይዛል፤ ጥቂት ርምጃ አልፎም መሬቱ ድንገት ሊጠልቅ ይችላል። መውረድ ግድ ከሆነ ዋና የሚችል አንድ ሰው፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶና ከጀልባው ጋር በገመድ ታስሮ ይውረድ።