ከሥራና ከስልክ መሀል መንፈስን ማጽናት፦ የወሎ ቡና፣ ምርቃትና ቅሬ ለዛሬ ኑሮ

ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ የሚሠራ፣ ደሴ ሱቅ የሚጠብቅ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ማታ ላይ «ይህ ሁሉ ድካም ለምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። ስሕተቱ የሚመጣው መልሱን ሐሳብ ውስጥ ብቻ ሲፈልግ ነው። ቪዲዮ በቪዲዮ ላይ ያያል፣ ልብ የሚነካ ንግግር ይሰማል፣ ለጊዜው ይበረታል፤ ጠዋት ሲነሳ ግን ያው ነው። ትርጉም እንዲጸና የታወቀ ሰዓት፣ የታወቀ ቦታና «የት ቀረህ?» የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ልማዱን ትከሉ፣ ፍልስፍናው ከኋላ ይምጣ።

ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። አጥብቆ የሚጸልየውም፣ እምነቱ የላላበትም፣ የሚጠራጠረውም አንድ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጥበት አገር ነው። ከዚህ በታች ያለው የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ምትክ አይደለም። የሚሰግድ ይስገድ፣ የሚያስቀድስ ያስቀድስ፤ ይህ ለሁሉም የሚሆን ተጨማሪ ነው።

የሳምንቱ ቡና

ከ5 እስከ 8 ሰው ሁኑ። ከዚያ ካነሳችሁ አንድ ሰው ሲቀር ጨዋታው ይሞታል፤ ከዚያ ከበዛችሁ ወሬው ለሁለት ይከፈላል። ቢያንስ አንድ ታላቅ ሰው፣ እናት ወይም አባት፣ ይኑር፤ እኩዮች ብቻ ሲሰበሰቡ ሁሉም ስለ ራሱ ብቻ ያወራል። ሙስሊምና ክርስቲያን ቢቀላቀል ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ቀኑንና ሰዓቱን አንዴ ቁረጡ፤ ለምሳሌ እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት። ፈረቃ የሚቀያየርበት ሰው ካለ ቀኑን በእሱ ፈረቃ መሠረት ለወሩ ሙሉ አስቀድማችሁ ያዙ። በየሳምንቱ «መቼ ይሻላል?» እየተባለ የሚጠራ ቡና አይዘልቅም።

ለ7 ሰው 100 ግራም ያህል ጥሬ ቡና ይበቃል። ታጥቦ በመካከለኛ እሳት፣ ሳይቋረጥ እየተማሰለ ይቆላ። ጠቁሮ ካረረ አቦሉ ይመራል፣ በረካው ደግሞ አይጠጣም። ጭሱ ለሁሉም ይዙር። ጀበናው ከፈላ በኋላ እስኪሰክን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ ካልሰከነ አተላው ስኒ ውስጥ ይገባል። ሦስቱም ዙር ሲጠጣ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ርዝመት ጥቅም አለው። ሰው የልቡን የሚናገረው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አይደለምና ከአቦል በኋላ ተነስቶ የሚሄድ ሰው ዋናውን ነገር ያጣል።

ዙሮቹን በሥራ ለዩአቸው። በአቦል የሰፈር ወሬና የጤና ጥያቄ ይለቅ። በቶና ከታች የምናነሳው ጥያቄ ይዙር። በረካው የምርቃት ነው። ስልኮች ድምፃቸው ጠፍቶ በር አጠገብ አንድ ቅርጫት ውስጥ ይግቡ። ታማሚ ያለበት ወይም ሕፃን ትቶ የመጣ ሰው ካለ የእሱ ብቻ ድምፁ ይከፈት።

የሚበላሸው እንዲህ ነው። አንደኛው በቁርሱ ፉክክር ነው፤ አንዱ ቤት ቆሎ ቀረበ፣ በሚቀጥለው ዳቦ ተጨመረ፣ በወሩ ዶሮ ወጥ ይመጣል፣ ያኔ አቅም የሌለው ሰው ተራው ሲደርስ ይጠፋል። ስለዚህ ቁርሱ አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን፤ ቆሎ፣ ንፍሮ ወይም ቅቤ የሌለበት ዳቦ። ሥጋና ቅቤ ካልገባ የጾመኛም የሥጋ ልዩነትም ጥያቄ አይነሳም። በረመዳን ሰዓቱን ከኢፍጣር በኋላ አድርጉት። ሁለተኛው፣ ድካሙ በሴቶች ላይ ሲወድቅ ነው። ወንዱም ይቁላ፣ ስኒም ይጠብ፤ ሁልጊዜ የምታፈላ ሴት ስለ ራሷ ለመናገር ጊዜ አይተርፋትም። ሦስተኛው ሐሜት ነው። ያልተገኘ ሰው ስሙ አይነሳ፣ የማን ሃይማኖት ይበልጣል የሚል ክርክርም አይከፈት።

ጫትን በተመለከተ፣ በዱዓ ላይ የሚቀርብበት ቤት አለ፤ ያ የራሱ ሥርዓትና ባለቤት አለው። ለዚህ ቡና ግን አታስገቡት። በጫት ሙቀት የተነገረ ቃልና የታቀደ ዕቅድ ጠዋት ላይ ባለቤት አያገኝም፣ እንቅልፉም ይበላሻል።

ምርቃቱ

ይህን ክፍል ሰው አፍሮ ይዘለዋል፤ አትዝለሉት። ታላቁ ሰው እጁን ዘርግቶ ይጀምራል፣ ሌላው «አሜን» ወይም «አሚን» ይላል። ከዚያ እያንዳንዱ በቀኙ የተቀመጠውን ይመርቃል። ስሙን ጥሩት፣ በቶና ላይ የተናገረውን ነገር አንሱለት፣ አንድ ነገር ተመኙለት። «እህቴ፣ የከፈትሽው ሱቅ ይቅናልሽ፣ የገባው በረካ ይሁን፣ ደክመሽ አትቅሪ» ቢባል ይበቃል። ከአንድ ደቂቃ ከበለጠ ስብከት ይሆናል።

የሚጠራጠር ሰው የማያምንበትን ስም እንዲጠራ አይገደድ። «መንገድህ ይቅና»፣ «ያሰብሽው ይሙላ» ብሎ ከልቡ ከተመኘ ምርቃት ነው። የሚያምነውም የፈጣሪውን ስም ስለጠራ ድምፁን ዝቅ አያድርግ። አንድ መጥፎ ልማድ ግን ተጠንቀቁ፤ በምርቃት ስም መውቀስ። «ልቦና ይስጥህ» የተባለ ሰው በሚቀጥለው እሁድ አይመጣም።

በቶና የሚዞረው ጥያቄ

በአውሮፓ ሃይማኖት ከሕዝብ ኑሮ ማዕከል እየራቀ ሲሄድ፣ ኒቼ የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1882 እንዲህ ያለ ፈተና አቀረበ፦ ይህ ሕይወትህ ምንም ሳይለወጥ፣ ሐዘኑም ደስታውም በተራው፣ ደግሞ ደጋግሞ ቢመለስ ትቀበለዋለህ? ሕይወትን «እሺ» ብሎ ለመቀበል ሌላ ዓለም መጠበቅ እንደማያስፈልግ ለማሳየት ያነሳው ነው። በዚህ ከእሱ ጋር መስማማት ግድ አይደለም፤ ጥያቄው ግን ለአማኝም ይጠቅማል።

ለቡናው እንዲመች ወደ ሳምንት አሳንሱት። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ነገር ይናገር፦ በዚህ ሳምንት ካደረግሁት እንደገና ባደርገው የማልጠላው ምንድን ነው? እንደገና እንዲመጣ የማልፈልገውስ? ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ ይበቃል። መልሱ ትንሽ ቢሆን አትናቁት፤ «የጎረቤቴን ልጅ ሂሳብ አስጠናሁ» ያለ ሰው ጥሩ መልስ ሰጥቷል። ለሁለተኛው ጥያቄ ምክር አትስጡ፣ ሰምታችሁ እለፉ። ያንኑ ነገር ወር ሙሉ የሚደጋግም ካለ ግን «ምን እናግዝህ?» በሉት።

ጥያቄው ሰው በመረጠው ነገር ላይ ነው እንጂ በደረሰበት ላይ አይደለም። የ77ቱን ድርቅ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች፣ በቅርቡ ጦርነት ቤታቸውን ወይም ሰዋቸውን ያጡ ቤተሰቦች ያሉበት አገር ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ይህንንም ተቀበለው» ማለት ጭካኔ ነው። ተራው ሲደርሰው ዝም ማለት መብቱ ይሁን።

ለብቻ የሚደረግ ከፈለጋችሁ የሮማዊው ሴኔካ ይበጃል። ይህ ጥንታዊ ፈላስፋ፣ ሴክስቲየስ ከተባለ ሌላ ፈላስፋ በወሰደው ልማድ፣ ማታ መብራት ሲጠፋ ራሱን ይጠይቅ ነበር፦ ዛሬ የትኛውን መጥፎ ጠባዬን አከምኩ? የትኛውን ጥፋት ተቋቋምኩ? በምን ተሻልኩ? አንድ ደብተርና 5 ደቂቃ ይበቃል። በሦስት መስመር ጻፉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጽሕፈቱ ራስን ወደ መውቀስ ይዞራል።

ቅሬ

ቅሬ የወሎ ዕድር ነው። ብዙ ወጣት «ተከራይ ነኝ፣ ነገ እለቃለሁ» እያለ ቅሬ አይገባም። ግቡ። የሰፈሩን ቅሬ ሰብሳቢ ወይም ጸሐፊ ጠይቁ፣ መመዝገቢያውንና ወርኃዊ መዋጮውን ያስረዷችኋል። በወሎ ሰፈር ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ይረዳዳል፣ አንዱ የሌላውን ሬሳ ይሸኛል። ከዚህ የበለጠ የሕይወት ትምህርት የሚሰጥ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው፤ በጉልበቱ ድንኳን የተከለና መቃብር የቆፈረ ወጣት ቀኑ የተቆጠረ መሆኑን ከመጽሐፍ መስማት አያስፈልገውም።

የሚያበላሸው መዋጮውን በቴሌብር ልኮ መቅረት ነው። ገንዘቡ ቅሬውን ይረዳል፣ እናንተን ግን አይለውጥም። የሥራ ሰዓት ካልተመቸ ማታ ሂዱ፤ ወንበር ደርድሩ፣ ውኃ ቅዱ፣ ከለቅሶ ቤት እደሩ። ስትገቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ወይም «አላህ ያጽናችሁ» ብላችሁ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አትነሱ፣ እንዴት እንደሞተ አትጠይቁ። ድንኳኑ ከተነሳ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ተመለሱ። ለቀስተኛ ያለቀው ያኔ ነው፣ ሐዘኑ ግን ገና ነው።

የሚጠበቅ ሕይወትና የዓመቱ ቀን

ሐኪሙ አልበርት ሽዋይዘር እ.ኤ.አ. በ1915 ጋቦን ውስጥ በጀልባ ሲጓዝ ያገኘው ሐሳብ ነበር፦ መኖር የሚፈልግን ሕይወት ሁሉ ማክበር። ይህ በቃል ብቻ እንዳይቀር አንድ ተክል ያዙ። ግቢ ካለ በሐምሌ ዝናብ ወይራ ወይም ዋንዛ ትከሉ፤ ጉድጓዱ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ይኑረው፣ የፕላስቲኩ ከረጢት ሥሩ ሳይነካ ይገፈፍ። ብዙው ችግኝ የሚሞተው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ውኃ አጥቶ ወይም በከብት ተበልቶ ስለሆነ እሾህ እጠሩበት፣ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ አጠጡ። በኪራይ ቤት ደግሞ ጤናዳም በቆርቆሮ ይበቅላል፤ ከታች ቀዳዳ ካልተበሳለት ሥሩ ይበሰብሳል።

በዓመት አንድ ጊዜ የሌላውን በዓል በእንግድነት አክብሩ። መስከረም 21 ግሸን ማርያም፣ በመውሊድ ጀማ ንጉሥ የሚባለው የሙስሊሞች የዝየራ ቦታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ የልጃገረዶቹ ሻደይ፣ አሸንድዬና ሶለል አሉ። የበዓሉ ባለቤት ከሆነ ጓደኛ ጋር ሂዱ፤ ያለ እሱ ከሄዳችሁ ፎቶ አንስታችሁ ትመለሳላችሁ እንጂ በዓሉ አይገባችሁም።

አንድ ነገር ግን ለቡናና ለምርቃት ብቻ የሚተው አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቢ ያለው፣ ወይም መሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል ያኑ ቀን አብራችሁ ሂዱ። ለብቻው አትላኩት።

ከቡናችሁ ሰው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ጂዳ ቢሄድ ስሙን ከምርቃቱ አታውጡ። በበረካ ሰዓት ከቅርጫቱ አንድ ስልክ አውጥታችሁ ደውሉለት። ጂዳና ደሴ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ የሥራ እረፍቱን ብቻ ቀድማችሁ ጠይቁ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደርጎ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ገንዘብ ላክ የሚል ወሬ በዚያ ሰዓት አይነሳ።