ኬዚንን ከወተት በአሲድ እንዴት እንለያለን?

አይብ ሲወጣ አሲድና ሙቀት አሬራው ላይ አብረው ይሠራሉ። እዚህ ግን ለየብቻ እናደርጋቸዋለን፦ በአሲድ ኬዚኑን፣ ቀጥሎ በሙቀት የአጓቱን ፕሮቲን። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬዚን ነው። ወተቱ ሳይረጋ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) 6.6 አካባቢ ስለሆነ የኬዚን ቅንጣቶች ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዘው ይገፋፋሉ፤ 4.6 ላይ ቻርጁ ስለሚቻቻል ተያይዘው ይዘቅጣሉ።

1. ቅባቱ የወጣለት 100 ሚሊ ሊትር ፓስቸራይዝድ ወተት ያዘጋጁ። የፈላ ወተት አይሆንም፤ የአጓቱ ፕሮቲን በሙቀቱ ከኬዚኑ ጋር ስለተጣበቀ ንጹሕ ልየታ አያገኙም። በካርቶን የሚሸጠው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ወተትም እንደዚያው ነው።

2. ቢከሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው ወተቱን 40 ዲግሪ ያድርሱ። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ወተት ፒኤቹ 4.6 ቢደርስም በደንብ አይረጋም። ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደግሞ ኬዚኑ እንደ ላስቲክ ተጓጉሎ ቅባቱንና አጓቱን ውስጡ ይይዛል፤ ያንን ማጠብ ከባድ ነው።

3. 10 በመቶ አሴቲክ አሲድ ጠብ እያደረጉ በዝግታ ያማስሉ። አቼቶም ይሠራል፤ 5 በመቶ ከሆነ እጥፍ ያህል ይወስዳል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለጀማሪ አይመከርም፤ ጥቂት ጠብታ ሲበዛ ፒኤቹ ከ4.6 በታች ይወርድና ኬዚኑ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ መልሶ መሟሟት ይጀምራል። አሴቲክ አሲድ ግን እዚያው አካባቢ ሲደርስ ፒኤቹን በፍጥነት አያወርደውም።

የአሲዱን መጠን አስቀድሞ መወሰን አይቻልም፣ ከወተት ወተት ይለያያል። ዓይንዎ ፈሳሹ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ደቃቅ ነጭ ፍርፋሪ ይታያል፤ ቀጥሎ ፈሳሹ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ጥርት ይላል። ያኔ ያቁሙ። ፈሳሹ ነጭ ሆኖ ከቀረ አሲዱ አንሷል ወይም አልፏል፤ ፒኤቹን ሳይለኩ አይጨምሩ። ካለፈ በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ይመልሱት። ለዚህ ሥራ ጠባብ መለኪያ ያለው የፒኤች ወረቀት ይበቃል። የፒኤች ሜትር ከሆነ ኤሌክትሮዱ ፕሮቲን ስለሚለብስ ቶሎ ቶሎ ይታጠብ፣ አለዚያ ንባቡ ይዘገያል።

4. በንጹሕ ሻሽ አጥልለው ይጭመቁ፣ አጓቱን ያስቀምጡ። ኬዚኑን በውሃ፣ ቀጥሎ ሁለት ጊዜ በኤታኖል ይጠቡ፤ ኤታኖሉ ቅባቱንና ውሃውን ያወጣል። አካባቢው እሳት አይኑር። ሲደርቅ ከ2.5 እስከ 3 ግራም ይጠበቃል። ከዚያ በብዙ ከበለጠ ቅባቱ ወይም ውሃው አልወጣም ማለት ነው።

5. አጓቱን እያማሰሉ ያፍሉት፤ አልቡሚኑና ሌሎቹ ፕሮቲኖች ነጭ ሆነው ይጓጉላሉ። ትኩስ እንዳለ በማጣሪያ ወረቀት ያጥልሉት። የሚቀረው ፈሳሽ በዋናነት ላክቶስና ማዕድናት ነው።

6. ሁለቱን ፕሮቲኖች በቢዩሬት ሙከራ (ፕሮቲን መኖሩን በቀለም በሚያሳይ ሙከራ) ይፈትሹ፦ ከእያንዳንዱ ቅንጣት ታህል በ10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አሟሙተው ሁለት ሦስት ጠብታ 1 በመቶ ኮፐር ሰልፌት ይጨምሩ። ሐምራዊ ቀለም ፕሮቲን ነው። ከመጨረሻው ፈሳሽ ጥቂት ወስደው እንዲሁ ይፈትሹ፤ እሱም ጎላ ያለ ሐምራዊ ካሳየ አጓቱ በቂ አልፈላም።