በጽሑፍ ሥራ «አይሆንም» የመባልን ፍርሃት እንዴት ማሸነፍ ይቻላል?

ጽፈው የጨረሱትን ሥራ ለማንም ሳያሳዩ ዓመታት የሚያሳልፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ግጥሙ በደብተር፣ ልብ ወለዱ በኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ይቆያል፤ ባለቤቱ ሲጠየቅም «ገና የሚቀረው ነገር አለ» ይላል። አንዳንዱ በእርግጥ ይቀረዋል፤ ብዙውን ግን የሚያስጨንቀው ሰዎች አንብበው የሚሰጡት መልስ ነው። ይህ ፍርሃት «አይዞህ» በመባል ብቻ አይለቅም። የሚለቀው ጽሑፉን በመላክ፣ ቁርጥ ያለ መልስ በመጠየቅ፣ መልሱን ተቀብሎም እንደገና በመላክ ነው።

የሚፈሩትን ነገር ለይተው ይወቁ

ከሁሉ አስቀድመው አንድ ወረቀት ይዘው የሚፈሩትን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት። አንዱ «አርታኢው ይንቀኛል» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ዘመዶቼ ስለ እነሱ የጻፍሁ ይመስላቸዋል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ለማተሚያ ቤት የከፈልሁት ገንዘብ ሜዳ ላይ ይቀራል» ይላል። እነዚህ ሦስት የተለያዩ ፍርሃቶች ናቸው፤ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። የገንዘቡ ፍርሃት ምክንያታዊ ነው፤ በአገራችን ብዙ ደራስያን የኅትመቱን ወጪ የሚሸፍኑት ከራሳቸው ኪስ ነውና፣ መጽሐፍ ከማሳተም በፊት በአጫጭር ሥራዎች አንባቢን መፈተን ብልህነት ነው። የዘመዱ ፍርሃት በብዕር ስም ወይም አስቀድሞ በግልጽ በመነጋገር ይቃለላል። የቀረው የመጀመሪያው ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እሱን የሚመለከት ነው።

ለአንድ ሰው ያስነብቡ፤ ጥያቄውን ግን ያስተካክሉ

ጽሑፉን ለማያውቁት አርታኢ ከመላክዎ በፊት ለሚያውቁት አንድ አንባቢ ይስጡ። ይህን ሰው «እንዴት አገኘኸው?» ብለው ከጠየቁት የሚያገኙት መልስ «በጣም ጥሩ ነው፣ በርታ» የሚል ይሆናል፤ ይህም ከጨዋነት የመጣ እንጂ ከንባብ የመጣ አይደለም። ይልቁንስ እርሳስ ይስጡትና ማንበብ የሰለቸው ቦታ ላይ መስመር እንዲያሰምር፣ ያልገባው ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት እንዲያደርግ ይጠይቁት። ሲመልስልዎ አይከራከሩ፤ «እዚህ ጋ ማለት የፈለግሁት» ብለው ማብራራት ከጀመሩ ሰውየው ከዚያ በኋላ እውነቱን አይነግርዎትም። ይህ ትንሽ ልምምድ ትልቁን መልስ የመቀበል አቅም ይገነባል።

አንዱን ከመላክዎ በፊት የአምስቱን ስም ይጻፉ

ተስፋን ሁሉ በአንድ አርታኢ ላይ መጣል ፍርሃቱን የሚያባብስ ነገር ነው። የጋዜጣና የመጽሔት የጥበብ ዓምዶች፣ የሬዲዮ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅቶች፣ የግጥም ምሽቶች፣ የጽሑፍ ውድድሮች፣ አሳታሚዎች፣ እንዲሁም የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበርን የመሳሰሉ ተቋማት አሉ። ከእነዚህ መካከል ለሥራዎ የሚስማሙ አምስት ቦታዎችን በቅደም ተከተል ይጻፉ፤ እያንዳንዱ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደሚያወጣም አስቀድመው ያንብቡ። የመጀመሪያው «አይሆንም» ሲልዎ ሁለተኛው ቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ በዚያ በተከፋ ልብ «አሁን ወዴት ልሂድ?» ብለው አይቸገሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጽሑፍ የሚመለሰው ሁልጊዜ በጽሑፉ ድክመት አይደለም። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በለንደን ለአሳታሚዎች በቀረበ ጊዜ፣ አንዳንዶቹ የአፍሪካውያን ልብ ወለድ ገበያ የለውም በሚል ምክንያት መልሰውታል። ሃይነማን እ.ኤ.አ. በ1958 ሲያሳትመውም መጀመሪያ ያወጣው 2,000 ቅጂ ብቻ ነበር። ያ መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ ከ50 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። የመለሱት ሰዎች የመዘኑት ገበያውን እንጂ ድርሰቱን አልነበረም።

ዝምታውን ወደ መልስ ይለውጡ

እኛ ዘንድ «አይሆንም» የሚል ደብዳቤ እምብዛም አይደርስም። የሚሰማው «እስቲ እናየዋለን»፣ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብን ነው»፣ «በሚቀጥለው ሳምንት ደውል» የሚል ነው። ሳምንቱ ወር፣ ወሩም ዓመት ይሆናል። በእኔ ግምት ጀማሪን ከቁርጥ መልስ ይልቅ የሚሰብረው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ዝምታውን እያንዳንዱ ሰው በራሱ ፍርሃት ይተረጉመዋል። አርታኢው ምናልባት ጽሑፉን ገና አልከፈተውም፤ ጸሐፊው ግን «አንብበው ስቀውብኛል» ብሎ እንቅልፍ ያጣል።

ስለዚህ ጽሑፉን ሲልኩ መልስ የሚጠብቁበትን ቀን ለራስዎ ይወስኑ፤ ለአጭር ሥራ አንድ ወር ተኩል ያህል በቂ ነው። ቀኑ ሲያልፍ እንዲህ ያለ መልእክት ይላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። መስከረም 20 ቀን ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ አጭር ልብ ወለድ ልኬ ነበር። ለኅትመት የማይሆን ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ ልልከው ስለምፈልግ፣ እስከ ኅዳር 20 ድረስ ውሳኔያችሁን ብታሳውቁኝ አመሰግናለሁ። የማይሆንበትን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ብትገልጹልኝ ደግሞ ለቀጣይ ሥራዬ ይጠቅመኛል።»

የዚህ መልእክት ጥቅም አርታኢውንም ከይሉኝታ ማውጣቱ ነው። ፊት ለፊት «አልወደድሁትም» ማለት ለእሱም ይከብደዋል፤ እርስዎ በአክብሮት መንገዱን ሲከፍቱለት ግን ሳይጨነቅ ይናገራል። በተባለው ቀን መልስ ካልመጣ እንደ «አይሆንም» ይቁጠሩት፤ ጽሑፉን ወደ ሌላ ቦታ እንደሚልኩ በትሕትና ካሳወቁ በኋላ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ።

መልሱ በደረሰበት ቀን

ያዝኑ ይሆናል፤ ይዘኑ። በዚያ ቀን ግን ለአርታኢው የተቆጣ መልስ አይጻፉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ረቂቁን አያጥፉ። ጃማይካዊው ማርሎን ጄምስ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ከ70 ጊዜ በላይ ተቀባይነት ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ ጽሑፉን ከኮምፒውተሩ አጥፍቶት ነበር። ኋላ አንዲት ደራሲት ሥራውን ልታይለት በጠየቀችው ጊዜ ያገኘው በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቀድሞ ከላካቸው የኢሜይል መልእክቶች መካከል ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ፤ ጄምስም ከ10 ዓመት በኋላ በሌላ ሥራው ታዋቂውን የልብ ወለድ ሽልማት ቡከርን ተቀበለ። በኢሜይልዎና በሌላ ቦታ አንድ አንድ ቅጂ ያስቀምጡ።

አስተያየቱን ያንብቡ፤ ከስድቡ ግን ጥቆማውን ይለዩ

መልሱ ምክንያት ካለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ልብዎ ሲረጋ ያንብቡት። የእንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ከብዙ አሳታሚዎች ከተመለሰ በኋላ ፌበር ኤንድ ፌበር ለተባለው አሳታሚ ሲደርስ፣ መጀመሪያ ያየችው የድርጅቱ ረቂቅ መርማሪ «የማይረባና አሰልቺ» የሚል ማስታወሻ ጽፋበት ነበር። ቻርልስ ሞንቴት የተባለ ወጣት አርታኢ ግን ሊመለሱ ከተቀመጡት ረቂቆች መካከል አንሥቶ አነበበው፤ መግቢያው ላይ የነበረው የኑክሌር ጦርነት ትረካም እንዲወጣ አደረገ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1954 ታተመ፤ ጎልዲንግም በ1983 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። «አሰልቺ» የሚለው ቃል ለጸሐፊው ምንም አልጠቀመውም፤ «መግቢያውን አውጣው» የሚለው ግን ሠርቷል። በሚደርስዎ አስተያየት ውስጥም ገጽና ቦታ የሚጠቁመውን ይያዙ፤ ስለ ችሎታዎ ብቻ የሚፈርደውን ይለፉት።

የላኩበትን ቀን፣ ቦታውን፣ የመጣውን መልስና የተጠቆመውን ነገር በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ መልስ በሚጠብቁበት ጊዜም አዲስ ሥራ ይጀምሩ። አምስቱም ቦታዎች ከመለሱት በኋላ መዝገቡን ይክፈቱ። ብዙዎቹ የጠቆሙት አንድ ዓይነት ችግር ከሆነ ጽሑፉን ለሁለት ወይም ለሦስት ወር አስቀምጠው ያንኑ ቦታ እንደገና ይጻፉት። እያንዳንዱ የተለያየ ነገር ካለ ግን ጽሑፉን ሳይነኩ ሌሎች አምስት ቦታዎችን ይጻፉና ይላኩ።